አልጋው አጠገብ የተነገረው ግስ

በክፍሉ ውስጥ አምስት ነበርን፤ አንዱ በአካል ባይኖርም። ባለቤቴ ደምሴ አልጋው ላይ፣ ራስጌው ቀና ተደርጎለት በትራስ ተደግፏል። ሐኪሙ በግርጌ በኩል የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ነርሷ በስተቀኝ፣ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ናት፤ ግማሽ ጀርባዋን ሰጥታናለች። አስተርጓሚው በስተግራ፣ በጎማ በሚገፋ ዘንግ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ውስጥ ነው፤ ከየትኛው ከተማ እንደሚናገር አላውቅም። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ካፖርቴን አላወለቅኩም፤ ቦርሳዬንም አላስቀመጥኩም።

ማን የት እንደቆመ አስቀድሜ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው። ልጄም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም «ማን ነበር? ማን ምን አለ?» ብለውኛል። ያን ጊዜ በአጭሩ መልሼ አልፌ ነበር። አሁን ግን እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

አስካለ እባላለሁ። ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮሎምበስ የመጣነው ልጃችን ናትናኤል በዲቪ ገብቶ፣ ቆይቶ ዜጋ ሲሆን አስመጥቶን ነው። የምንኖረው ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ሰው ቀስ ብሎ ከተናገረም እሰማለሁ። መናገር ላይ ግን ቁጥብ ነኝ። በአማርኛም ቁጥብ ነኝ። ለሁለታችንም የሚናገረው ደምሴ ነበር፤ ይህም ለእኔ ተመችቶኝ ኖሯል።

ደምሴ አዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሥራው ገና ሳይነጋ የሚያስወጣ፣ እንቅልፉ ደግሞ የከበደ ሰው ነው። ከተጋባን ጀምሮ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ። ለዚህም ሕግ ነበረው። «አንዴ ቀስቅሺኝ። ካልተነሳሁ ተይኝ፤ ሁለተኛው ጭቅጭቅ ነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ትከሻውን አንዴ እነቀንቅና «ነጋ» እለዋለሁ። ይነሳል። ጡረታ ከወጣም በኋላ፣ እዚህ ከመጣንም በኋላ፣ ለእሁድ አምልኮ የምቀሰቅሰው እንዲሁ ነበር። ሁለተኛ ነቅንቄው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት ነው። የደምሴ ልብ ደክሞ ሳንባው ውኃ ያዘ። ሆስፒታሉ በወረርሽኙ ምክንያት ለአንድ ታማሚ አንድ ጠያቂ ብቻ ነበር የሚያስገባው። ናቲ ከበሩ አድርሶኝ ኒው አልባኒ ወዳለው መጋዘን ወደ ሥራው ሄደ። እዚያ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ ቆልፈው ነው የሚገቡት፤ ሥራ ላይ እያለ ማንም አያገኘውም።

«እማ፣ ኢንተርፕሬተር ይሰጡሻል፣ አታስቢ» አለኝ ከመኪናው ሳልወርድ። «ሺፍቴ ሲያልቅ መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ።»

አስተርጓሚም ሰጡን። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሰው ነበር። ሐኪሙ ስለ ልቡ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ በማግስቱ ጠዋት ስለሚደረግለት ምርመራ የተናገረውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር አስተላለፈ። ደምሴ ባማርኛ የሚያናግረው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ስለ ራሱ መናገር እንደማይፈቀድለት ነገረው።

«ሰፈርም ክልክል ነው?»

«ክልክል ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው መርካቶ ብዬሃለሁ» አለው ደምሴ። ሰውየው ሳቁን ሲውጥ ስክሪኑ ላይ አየሁት።

ከዚያ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የአልጋውን ብረት ለቀቀና እጆቹን ከፊቱ አጣመረ። ሊናገር ያለው ነገር ከእስካሁኑ የተለየ መሆኑ ከእጆቹ ገባኝ። እንግሊዝኛውን አዳመጥኩ። ልብህ ቢቆም የሚለውን ሰማሁ፤ ትፈልጋለህ ወይ የሚለውንም ሰማሁ። በመካከል የነበረውን አንድ ግስ ግን አላወቅኩትም። ሪሰሲቴት ነው ያለው። ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ኖርዝላንድም ማንም ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም።

አስተርጓሚውም ቃል ፈለገ። ከኋላው የሆነ ሕፃን ያለቅሳል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ የሚሉት፣ ልብዎ ቆሞ ቢሞቱ ከሞት እንዲያስነሱዎት ይፈልጋሉ ወይ ነው።»

ደምሴ ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ።

«ከሞት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እነሱ?»

«እንደዚያ ነው የጠየቁት።»

ደምሴ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ሳሉ ሲለቀው ግን ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። በብዙ ነገር ይቀልዳል፤ በእምነቱ ሲመጡበት ግን አይቀልድም።

«አይሆንም በልልኝ። እኔን ከሞት የሚያስነሳኝ ጌታ ነው። እሱም በቀኑ። ሰው እንዳይሞክረው።»

ይህም በትክክል ተተረጎመ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ውሳኔውን እንደሚያከብር ተናገረ። እንዲህ ያለ መልስ ከሌሎች አማኞችም የሰማ ይመስላል፤ አልገረመውም። የተጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ ነበር። ሁለቱ ግን ገጥመው ቁጭ አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግር ያለው ሰው አልነበረም። እኔንም ቢሆን ያንን አንድ ቃል አለማወቄ ብቻ ነበር የከነከነኝ።

ስክሪኑ ጠፋ፤ ሐኪሙ ወጣ። ነርሷ ሐምራዊ አምባር ይዛ ተመለሰችና በደምሴ ግራ እጅ ላይ፣ ስሙ ከተጻፈበት ነጭ አምባር አጠገብ አሰረችለት። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እሱ የፈለገው ነው» አለችኝ። «ሁሉም ሰው እንዲያውቅ ነው።»

ሁሉም ሰው ምን እንዲያውቅ? አልጠየቅኩም። እኔ እንዲህ ነበርኩ፤ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ከጨረሰ ጥያቄዬን ይዤ የምቀመጥ።

ደምሴ እንቅልፍ ወሰደው። አጠገቡ ተቀምጬ ልቡን የሚያሳየውን ሞኒተር አያለሁ። ጠዋት፣ አምባሩ ከመታሰሩ በፊት፣ ሞኒተሩ አንዴ ጮሆ ነበር፤ ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ሁለት ሰዎች እየሮጡ ገቡ። አሁን እንደገና ጮኸ። ነርሷ መጣች፤ ግን እየተራመደች ነው የመጣችው። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ሽቦ አስተካከለች፣ ድምፁን አጠፋች፣ ፈገግ ብላልኝ ወጣች። ምናልባት የጠዋቱ የከፋ ኖሮ ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ የማውቀው ጠዋት መሮጣቸውን፣ አሁን መራመዷን ነው። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የሚሰማ ኮቴ ሁሉ ቀርፋፋ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ፀጉሯ የሸበተ፣ በዕድሜ የምታህለኝ ፈረንጅ ናት። የሆስፒታሉ መንፈሳዊ አገልጋይ መሆኗን ነገረችኝ። ማስክ አድርጋ ስለነበር እንድሰማት ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የምትናገረው። ባለቤቴ አማኝ መሆኑን ከነርሷ መስማቷን፣ ፈቃዳችን ከሆነ ልትጸልይለት መምጣቷን ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ተኛው ሰው እያየች፣ በሰላም መሄድን መምረጡ ትልቅ ነገር መሆኑን፣ ብዙ ሰው ይህን ለመወሰን አቅም እንደሚያጣ ጨመረች።

«ምኑን ነው የመረጠው?» አልኳት።

«ልቡ ሲቆም ማንም እንዳይነካው።»

ሲቆም ነው ያለችው። ቢቆም አላለችም። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እነዚህን ሁለት ቃላት እንዳንደባልቅ ብዙ ደክመውብናል፤ ስለዚህ አልሳትኩትም።

«ሪሰሲቴት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። ቃሉ ጥንታዊ መሆኑን፣ ከላቲን መምጣቱን ነገረችኝ፤ ላቲኑን ለአገልግሎት ስትማር ተምራዋለች። ሦስት ነገር ተጋጥሞ የተሠራ ነው አለች። ፊት ላይ ያለው እንደገና ማለት ነው። መካከል ያለው ከሥር ወደ ላይ። መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ... ያለችኝ ቃል አልገባኝም። ሌላ ቃል ሞከረች፤ እሱም አልገባኝም። ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ ትከሻዬን ያዘችና አንዴ ነቀነቀችኝ።

ብዙ ሰው እጁን ትከሻዬ ላይ አያደርግም። ያ አነቃነቅ ግን የማውቀው ነበር። እኔው ራሴ ስንት ዘመን ያደረግኩት ነው።

«መቀስቀስ» አልኩ ባማርኛ። አልሰማችኝም፤ ለራሴ ነበር ያልኩት።

«መቃብር ለገባ ሰው ይባላል?» አልኳት።

«አይባልም። ለዚያ ሌላ ግስ አለን» አለች። ይህኛው ትንፋሹ አሁን ለተቋረጠ፣ ልቡ አሁን ለቆመ፣ ገና ሊደረስበት ለሚችል ሰው የሚባል ነው። በተራ ንግግር ብዙ አይነገርም፤ የሐኪሞች ግስ ነው። ሰው ከውኃ ተጎትቶ ሲወጣ ደረቱን እየተጫኑ የሚያደርጉለት ነገር አለ፤ እሱን ማለት ነው አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል አለልኝ። ደምሴ ትንሣኤን ከሰው እጅ አልቀበልም ነው ያለው። እነሱ የጻፉት ደግሞ ልቤ ሲቆም ቆማችሁ እዩኝ ብሏል ብለው ነው። አምባሩ እጁ ላይ ነው፤ ልቡ በየትኛዋ ደቂቃ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም፤ እሱ ግን ምን እንደመለሰ ሳያውቅ ተኝቷል።

«እሱ ይህን አልመረጠም» አልኳት። «ጥያቄው ስህተት ነው።»

ሴትዮዋ ተነስታ ነርሷን ጠራችልኝ። ነርሷ አዳመጠችኝ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። አምባሩን ግን እሷ ልትፈታው እንደማትችል፣ ሐኪሙ እንደገና በአስተርጓሚ ሊጠይቀው እንደሚገባ ነገረችኝ። ሐኪሙ ሌላ ታማሚ ላይ ነበር። ልካ አስነገረችው። ጠበቅን።

በዚያ ጥበቃ ላይ ቃላት አላበዛም። ወንበሬን ከአልጋው አስጠጋሁና የደምሴን ግራ እጅ ያዝኩ፤ አምባሩን በመዳፌ ሸፈንኩት። ሰው ሲገባ እንዳያየው ነበር ሐሳቤ። ሞኒተሩ ላይ ያለው መስመር ሲዛባ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ እየሳሳ ሄደ፤ በረዶ የጫኑ ደመናዎች በፓርኪንጉ ላይ ዝቅ ብለው ነበር። አንዴ ሞኒተሩ ድንገት ጮኸ። ብድግ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት ሴት የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች አለፈች፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ድምፁ በራሱ ጊዜ ቆመ። ወደ ወንበሬ ተመልሼ አምባሩን እንደገና ሸፈንኩት።

ሐኪሙ መጣ። ስክሪኑን ገፍተው አመጡት፤ በዚህ ጊዜ የወጣችው ሌላ አስተርጓሚ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ደምሴን ቀሰቀስኩት። አንዴ። ነቃ።

ሐኪሙ ሊጀምር ሲል አቋረጥኩት። በሕይወቴ የማላከብረውን ሰው እንኳ አቋርጬ አላውቅም ነበር። ለአስተርጓሚዋ «ማስነሳት አትበይ የእኔ ልጅ» አልኳት። እሷም ይቅርታ ጠይቃ የተነገረውን ብቻ እንደምትተረጉም፣ ቃል መምረጥ እንደማይፈቀድላት መለሰች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ዞርኩና በዚያች በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ።

«እባክህን ያንን ቃል ተወው። እጆችህ የሚያደርጉትን ንገረው።»

ሐኪሙ የአልጋውን ብረት ዞሮ መጣና ደምሴ አጠገብ ተቀመጠ። እጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ አሳየው። ልብህ ቢቆም ደረትህ ላይ እንዲህ እንጫናለን፤ በኃይል ነው፤ የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል። በኤሌክትሪክ እንመታዋለን። ለትንፋሽ በጉሮሮህ ቱቦ እናስገባለን። ይሠራ ይሆናል፤ ላይሠራም ይችላል። አንተ በሽታህ የጠና ስለሆነ አለመሥራቱ ይበልጣል። አስተርጓሚዋ እያንዳንዱን ተረጎመችው። አንዱም ቃል ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አልነበረም።

ደምሴ ሁሉንም ሰማ።

«ሰማሽ አስኩ?»

«ሰማሁ።»

«ይሄማ መቀስቀስ ነው እንጂ።»

«መቀስቀስ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ያኛው ልጅ ምን ነክቶት ነው ትንሣኤ ውስጥ የገባብኝ?» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። ወደ ስክሪኑ ዞረ። «በላቸው... በያቸው ልጄ። አንዴ ይቀስቅሱኝ። አንዴ። ካልተነሳሁ ይተዉኝ። እሷ ታውቃለች።»

ሐኪሙ የመጨረሻው አልገባውም። የቤታችንን ሕግ ነገርኩት፤ አስተርጓሚዋ ስትተረጉመው ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ። ሐኪሙ ልብ ተመልሶ እንደገና ሊቆም እንደሚችል፣ ያን ጊዜ እሱ መናገር ስለማይችል ሌላ ሰው መናገር እንዳለበት አስረዳ። ማን ይሁን ብሎ ጠየቀ። ደምሴ አምባር ባለበት እጁ ወደ እኔ ጠቆመ። ነርሷ በመቀስ አምባሩን ቆረጠችው።

ሕይወቱን ያዳንኩለት መስሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ከእጁ የወለቀው ነገር መሬት አልወደቀም፤ ወደ እኔ ነው የዞረው።

አንባቢዎቼ፣ የቀረው አጭር ነው። ከእሱ በፊት ግን ይህን ልበላችሁ። የመጀመሪያውን አስተርጓሚ አልወቅሰውም። በቋንቋችን አስነሳ የሚለው ግስ ለወደቀ ሕፃንም፣ ለተቀመጠ እንግዳም፣ ለሞተ ሰውም ያገለግላል። እሱ ልብዎ ቆሞ ቢሞቱ ካለ በኋላ ከሞት የምትለዋ ቃል በራሷ መጣች። እኛ ደግሞ በየእሁዱ የምንሰማት በአንድ ትርጉም ብቻ ነው። ሐኪሙም አልዋሸም። ማንም ሳይዋሽ አንድ ሰው ያላለውን ነገር እጁ ላይ አስረውለት ነበር። እኔ ያን ቀን የተማርኩት ይህን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዬ ዝም ብዬ አልቀመጥም። የእንግሊዝኛ ይሁን ያማርኛ፣ ከበድ ያለ ግስ ሲነግሩኝ እጃችሁ ምን ያደርጋል እላለሁ። ሴቶች ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብሬ እሄዳለሁ፤ ለማስተርጎም አይደለም፣ ለመጠየቅ ነው። ደረቅ ሆናለች የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እናንተም ራስ መነቅነቅ የመጣባችሁ ጊዜ፣ ከመነቅነቃችሁ በፊት ጠይቁ። ቀድሞ መጠየቅ ማለት ግን ኋላ ለሚመጣው መልስ መስጠት ማለት እንደሆነም እወቁት። ያንን ማንም አልነገረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ናቲ ከበሩ አድርሶኝ ታች መኪናው ውስጥ ቀረ። ደምሴ ነቅቶ ጠበቀኝ። ለምርመራው ሊወስዱት የአልጋውን ጎማ ሲፈቱ ሞኒተሩ ጮኸ፤ ጩኸቱም አልተቋረጠም። በዚህ ጊዜ ሮጡ። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ፣ ነርሷ ራስጌው ላይ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በግራና በቀኝ። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ጠፍቶ ቆሟል። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ሐኪሙ የነገረንን ሁሉ አደረጉ። እጆቹን ነግሮናል፤ ድምፁን ግን አልነገረንም።

መስመሩ ተመለሰ። ሰዎቹ ገለል አሉልኝና ቀረብኩ። ዓይኑን ገለጠ። ቱቦው አፉ ውስጥ ነበር። ትከሻውን አልነካሁትም።

«ነጋ» አልኩት።

አየኝ። ያየኝ እኔን መሆኑን እርግጠኛ ነኝ። ጣቶቹ በጣቶቼ ላይ ጠበቅ አሉ።

ብዙ ሳይቆይ ሞኒተሩ እንደገና ጮኸ። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ሐኪሙ እጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ ከመጫኑ በፊት ግን ቀና ብሎ አየኝ። ሌሎቹም አዩኝ።

«አንዴ ነው ያለው» አልኩ።

ባማርኛ ነበር፤ የገባው አልነበረም። በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ሐኪሙ እጆቹን አነሳ።

ካፖርቴን አላወለቅኩም ነበር። ቦርሳዬን ከመስኮቱ ደፍ አንስቼ ወጣሁ።